ሥልጠናው ጥሩ፣ ውሉ ከባድ፦ በደብረ ብርሃን አንድ የወጣት ሯጮች ማሠልጠኛ

በደብረ ብርሃን ከተማ ወጣት ሯጮችን ከየወረዳው ተቀብሎ፣ በካምፕ አስቀምጦ የሚያሠለጥንና ሰዓታቸው ሲሻሻል ለውጭ አገር ማናጀሮች የሚያቀርብ አንድ የግል ማሠልጠኛ አለ። ጉዳዬ ከአሠራሩ እንጂ ከስሙ ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም። የእኅቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ መጥቶ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ይሠለጥናል፤ ወርኃዊ ክፍያውን የምከፍለውም፣ የሚሰጡትን ወረቀት የማነበውም እኔ ነኝ። በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን እዚያ ለመስደድ ሲያስቡ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጡ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል።

በሥልጠናው እጀምራለሁ፤ የማሠልጠኛው ጥንካሬ እርሱ ነውና። አዲስ የመጣ ልጅ 3,000 ሜትር እንዲሮጥ ይደረጋል፤ ሁለት ሰዎች በእጅ ሰዓት ይይዙለታል፤ ከሳምንት በኋላም ፈተናው ይደገማል። የመጀመሪያው ውጤት ከመንገድ ድካም ጋር የተገኘ ስለሚሆን አሠልጣኙ ለብቻው አይቀበለውም። ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ልጁ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ የተለካውን የልብ ምት ይመዘግባል፤ ቁጥሩ ከወትሮው ከፍ ያለበትን ልጅ የዚያን ዕለት ከፈጣን ልምምድ አስወጥቶ በዝግታ እንዲሮጥ ያደርገዋል። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አሠልጣኝ በብዙ ቦታ አይገኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቷም ለጽናት ሩጫ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ምግቡ በሶ፣ ቂንጬ፣ ሽሮና እንቁላል ሲሆን መጠኑ በቂ ነው። መኝታው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ስላለው፣ ልጁን የሚልክ ወላጅ ጋቢ ጨምሮ ይላክ።

በቢሮው ግድግዳ ላይ የአበበ ቢቂላ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ጃቶ የተወለደው ጀግና የሰሜን ሸዋ ልጅ ስለሆነ መሰቀሉ ደግ ነው። ነገር ግን አበበ በክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሠልጥኖ ሮም ላይ በእ.ኤ.አ. 1960 ሲያሸንፍ፣ ከገቢው ድርሻ ለማንም የሚያስፈርም ውል በአንገቱ አልነበረም። ቢሮው የሚሸጠው አገልግሎት ከዚያ ፎቶ ይልቅ በካሪቢያን ያለውን የቤዝቦል ምልመላ ይመስላል።

ልጅን በለጋ ዕድሜው መልምሎ ማስፈረም ከቤዝቦል ይበልጥ የተደራጀበት ስፖርት አላውቅም። በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ በሜጀር ሊግ፣ የሚጫወቱት 30 ክለቦች በካሪቢያኗ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የየራሳቸው ካምፕ አላቸው፤ በየዓመቱም ከጃንዋሪ 15 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ያስፈርማሉ። ከክለቡና ከልጁ መካከል ደግሞ «ቡስኮን» የሚባል ሰው አለ። ልጁን በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ወስዶ ያበላል፣ ያሠለጥናል፣ በመልማዮች ፊት ያስሮጣል፣ ያስወረውራል፤ ልጁ ሲፈርም ከፊርማው ገንዘብ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። የደብረ ብርሃኑ ማሠልጠኛም በሥራው ቡስኮን ነው፤ ይህንንም እንደ ነቀፋ አልቆጥረውም፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጁን ሌላ ማን ያሠለጥንለታል?

በዕድሜ ጉዳይ ማሠልጠኛው ከቤዝቦሉ ዓለም ጥፋት የተማረ ይመስላል። በእ.ኤ.አ. 2006 የዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብ አንድ ዶሚኒካናዊ ወጣትን 16 ዓመቱ ነው ብሎ በ1.4 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ፤ በ2009 ግን ስሙ ሌላ፣ ዕድሜውም በአራት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ 16 ወይም 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በተወለዱ ጊዜ የተመዘገበ ሰነድ የላቸውም፤ የቀበሌው ወረቀትም ኋላ የወጣ ነው። ማሠልጠኛው በዚህ ምክንያት የቀበሌውን ወረቀት ከክርስትና ካርዱና ከአንደኛ ክፍል መመዝገቢያው ጋር ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ልጁን አይቀበልም። ይህ አንዳንድ ወላጅ ያስቀይማል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

የትምህርቱ ነገር ደካማ ነው። ልጆቹ ወደ ማታ ትምህርት እንዲዛወሩ ይመከራሉ፤ ከቀኑ ልምምድ በኋላ ማታ ክፍል ውስጥ ነቅቶ የሚማረው ስንቱ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። በዶሚኒካን ያሉት የክለቦቹ ካምፖች እንኳ እንግሊዝኛና መደበኛ ትምህርት ያስተምራሉ።

ዋናው ቅሬታዬ ውሉ ነው። ልጁ 3,000 ሜትሩን አሻሽሎ በሮጠ ሰሞን የእኅቴ ባል ልጁን ሊጠይቅ ከመንዝ እንደ መጣ ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጡት። የቢሮው ሠራተኛ በትሕትና «ጋሼ፣ ሁሉም የፈረመው ነው፤ መኪና ሳያመልጥዎ ይፈርሙና ይሂዱ» አለው። እርሱም ለወንድሜ ሳላሳይ አልፈርምም ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞልኝ መጣ። በስድስተኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው፣ ማሠልጠኛው ከልጁ ማናቸውም የሩጫ ገቢ፣ ይኸውም ከሽልማት፣ ከተሳትፎ ክፍያና ከጫማ ኩባንያ ውል፣ ለ10 ዓመት 30 በመቶ ይወስዳል። ልጁ አቋርጦ ቢወጣ ደግሞ «የሥልጠና ወጪውን» ይመልሳል ይላል፤ ወጪው ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ቡስኮኑ 30 በመቶ የሚወስደው አንድ ጊዜ፣ ከፊርማው ገንዘብ ላይ ነው። ቬንዙዌላዊው ሆዜ አልቱቬ በእ.ኤ.አ. 2007 ለሂዩስተን አስትሮስ ሲፈርም ያገኘው 15,000 ዶላር ነበር፤ በዚህ ስሌት ከእርሱ የሚወሰደው 4,500 ዶላር ሲሆን፣ በ2017 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ የሚያገኘው ገቢ የራሱ ነው። ከወደፊት ገቢ ላይ ድርሻ መሸጥ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ዶሚኒካናዊው የቤዝቦል ተጫዋች ፈርናንዶ ታቲስ ታናሹ ያሳያል። ገና ወጣት ሳለ ከአንድ የገንዘብ ኩባንያ 2 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ የወደፊት ገቢውን 10 በመቶ ሰጠ፤ በእ.ኤ.አ. 2021 ከሳንዲዬጎ ፓድሬስ ክለብ ጋር የ340 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ግዴታው ወደ 34 ሚሊዮን አደገ፤ በ2025ም ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሄደ። እርሱ ቢያንስ 2 ሚሊዮኑን በእጁ ተቀብሏል፤ የእኛ ልጆች ለሦስት እጥፍ ድርሻ የሚቀበሉት ሽሮና አልጋ ነው፤ ያውም ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ልጁ ከአንድ የጎዳና ውድድር 10,000 ዶላር ቢያሸንፍ ማሠልጠኛው 3,000 ይወስዳል፤ የውጭው ማናጀር 15 በመቶ ቢጠይቅ 1,500 ይሄዳል። ከቀረው 5,500 ላይ ግብር አለ፣ አሠልጣኝ አለ፣ አሯሯጭ አለ። ወርኃዊ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት የአገልግሎቱን ዋጋ በየወሩ ወስዷል፤ ድርሻም ከፈለገ ወይ ክፍያውን ይተው፣ ወይም ድርሻውን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ይወስን።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው፦ ለሥልጠናው ብቻ ከሆነ ልጃችሁን ላኩ፤ በዙሪያችን የተሻለ አላየሁም። ውሉን ግን ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው በስሙ አትፈርሙ፤ የምትፈርሙም ከሆነ የሥልጠና ወጪው በብር ይጻፍ፣ ዓመቱ ይጠር፣ የማናጀሩ ድርሻ ከማሠልጠኛው ድርሻ ውስጥ ይሁን፣ የቀን ትምህርቱም አይቋረጥ። እኛ እነዚህን አራት ነጥቦች ጽፈን ለቢሮው አስገብተናል። ስለ ቀን ትምህርቱ ተስማምተው ልጁ ከጥር ጀምሮ የጠዋት ፈረቃ ይማራል፤ ስለ ሦስቱ የገንዘብ ነጥቦች «ከባለቤቱ ጋር እንነጋገራለን» ብለዋል፤ እስከዚያው ወርኃዊ ክፍያውን እየተቀበሉ ያለ ውል እያሠለጠኑት ነው።