ውጥረቴን በቁጥር የምትነግረኝ ሰዓት፦ ከ3 ወር በኋላ

ይህችን ስማርት ሰዓት ከዱባይ ያመጣችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። «አንቺ ሰሞኑን በትንሽ በትልቁ ትቆጫለሽ» ብላ እጄ ላይ አሰረችልኝ። ልወቅሳት ስለሆነ ብራንዷን አልጠራም።

ስራዋ እንዲህ ነው። ከስሯ ያለው አረንጓዴ መብራት በአንዱ የልብ ምትና በሚቀጥለው መሃል ያለችውን ቅንጣት ጊዜ ይለካል። ሰው ዘና ሲል ያቺ ጊዜ ከምት ምት ትለያያለች፣ ሲወጠር ግን ልዩነቱ ይጠብና ልብ እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል እኩል ይረግጣል። ሰዓቷ ያንን ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ታወጣዋለች። እስከ 25 እረፍት ነው፣ ከ75 ካለፈ ጉድ ፈላ።

እኔ የሚገድለኝ የታክሲ ሰልፍ ይመስለኝ ነበር። መገናኛ 40 ደቂቃ ተገትሬ ሳየው ግን ቁጥሩ ያን ያህልም አልነበረም። ጉዱ የወጣው ማታ ነው። እራቴን በልቼ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ 82! ምን ሆኜ ነው ብዬ ራሴን ሳስተውል ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ስር ደርሷል፣ አይኔ ደግሞ የመስሪያ ቤታችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተተክሏል። አለቃችን «ነገ ጠዋት እንዲደርሰኝ» ብሎ ሦስት ቃለ አጋኖ ደርድሮበታል። ይሄንን ስንት ማታ ድካም ነው እያልኩ እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወቀሳው። ቅዳሜ እናቴ ጋ ቡና እየጠጣን፣ ሆዳችን እስኪያመን እየሳቅን፣ እጄ ላይ ንዝር አለችና «ተረጋጊ» አለችኝ። ቡናውም ሳቁም ልብ ስለሚያፈጥኑ ከጭንቀት አትለያቸውም። እናቴ «ምን አለች?» አለች። ተጨንቀሻል እያለችኝ ነው ስላት «የተጨነቀችስ እሷ ናት፣ ይልቅ ቶናውን ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

አማርኛ የላትም፣ የኛን ሰዓት አቆጣጠርም አታውቅም። ማታ 2 ሰዓት ለእሷ 20:00 ነው። ባትሪው 10 ቀን ይቆያል ተብሎ በአምስተኛው ቀን ቻርጅ ይለምናል። ቁጥሩን በየደቂቃው ማየት ደግሞ ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አሳበደኝ።

የወደድኩላት የትንፋሽ ልምምዷን ነው። 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረግባል። አሁን ያለ ሰዓቷም፣ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄም እሰራዋለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም።

ግሩፑን ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ድምፁን አጠፋሁት። አለቃዬ እስካሁን ምንም አላለኝም።

በራሴ ገንዘብ እገዛት ነበር ወይ? አይመስለኝም። ለአንድ ወር ተውሼ ብመልሳት ይበቃኝ ነበር።