የብረት መከላከያውን አስነሥቼ የፋብሪካውን ፓራውልት ካስገጠምኩ በኋላ፦ የወራት አጠቃቀም ግምገማ

ከአውሮፓ የገባች፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ስገዛ ከፊቷ ወፍራም የብረት ቱቦ ታስሮባት ነበር። እዚህ አገር ከደረሰች በኋላ የተጨመረ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቱቦውን አስነሥቼ፣ ለመግጠሚያ ተብሎ የተቆረጠውን ፓራውልት በፋብሪካው ዓይነት አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ እስከዚህ ሐምሌ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ፣ ወደ ክፍለ ሀገርም አልፎ አልፎ ነድቻታለሁ። ስለ መኪና ስናወራ ሁልጊዜ የነዳጅ ፍጆታዋንና ሞተሯን እናነሣለን። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ሆነው ሳለ መጀመሪያ ሰው ስለሚነካው ክፍል ግን የሚጽፍ አላየሁም።

ባትላሜራው ቱቦውን ሲፈታ «እህቴ፣ መኪናሽን የሚጠብቃት እኮ ይሄ ነው» አለኝ። ትንንሽ ግጭት ላይ ይጠብቃታል፤ አልተከራከርኩትም። ነገር ግን ቱቦው የታሰረው በቀጥታ በመኪናዋ ተሸካሚ ብረት ላይ ነው፤ በመሐል የሚለሰልስ ነገር የለም። የላይኛው ጠርዙም ከአንድ ትንሽ ተማሪ ደረትና አንገት ጋር ይተካከላል። ቤቴ ትምህርት ቤት አጠገብ ስለሆነ ጠዋትና ማታ የማልፈው በልጆች መካከል ነው። ለእኔ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላስፈለገም።

ፓራውልት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀለም የተቀባውን ፕላስቲክ ነው። እሱ ሽፋን ብቻ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ከጎን ሲመታ መኪናው መጀመሪያ የሚያገኘው እግሩን ነው፤ ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱ አካባቢ። የመኪናው ፊት ጠንካራ ከሆነ የቅልጥም አጥንት ይሰበራል። ከስብራቱም ይልቅ የሚያስፈራው ጉልበቱ ወደ ጎን ተጣምሞ ጅማቶቹ መበጠሳቸው ነው። አጥንት ብዙውን ጊዜ ይጠገናል፤ የተበጣጠሰ ጉልበት ግን ዕድሜ ልክ ሊያነክስ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶች በፕላስቲኩና ከኋላው ባለው አግዳሚ ብረት መካከል የሚጨመቅ ፎም አስገቡ። ከታች ደግሞ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ቅልጥምን የሚያገኝ ስስ ድጋፍ ጨመሩ። እኔን በጣም ያስደነቀኝ ይህ የታችኛው ነው። ቅልጥሙን ከላይኛው ክፍል ጋር እኩል ስለሚገፋው እግሩ ጉልበት ላይ ሳይሰበር ባንድነት ይነሣል፤ ሰውየውም ከጎማ ሥር ከመግባት ይልቅ ወደ ኮፈኑ ይወድቃል። በኮፈኑና በሞተሩ መካከል ክፍተት የሚተወውም ጭንቅላት ሲያርፍበት ቆርቆሮው የሚሰምጥበት ቦታ እንዲኖረው ነው።

ይህ የፋብሪካዎች በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከጥቅምት 2005 ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ለእግረኛ ጉዳት መፈተን ነበረባቸው። 13.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን የእግር ቅርጽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፓራውልቱ ይወነጨፋል፤ የቅርጹ ጉልበት ከ21 ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም። በ2008 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 9 ይህንን ወደ 19 ዲግሪ አጥብቆታል። የእኔ መኪና ሞዴሏ የወጣው ከ2005 በኋላ ስለሆነ ይህን ሕግ ታሳቢ አድርጋ የተሠራች ናት። ከፊቷ ቱቦ ሲታሰርባት ያ ሁሉ ልፋት ከብረት ኋላ ተደብቆ ቀረ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እንዲህ ያሉትን ብረቶች ከልክላለች።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፤ ብዙ የተቸገርኩት እዚያ ነው። ሶማሌ ተራ ፓራውልት ስጠይቅ የሚቀርብልኝ ሽፋኑ ብቻ ነበር። ስለ ፎሙ ሳነሣ አንዱ ሻጭ «እሱ ከውስጥ ነው፣ አይታይም፣ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። የማይታየውን ፍለጋ ብዙ ሱቅ ዞሬ በመጨረሻ ከተበታተነች ተመሳሳይ መኪና ላይ የወጣ፣ ያልተሰነጠቀ ፎምና የታችኛውን ድጋፍ አገኘሁ። ዋጋቸው ተደምሮ ለቀለም ከከፈልኩት ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጋጩ መኪኖች ሲጠገኑ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ፎሙ ተጥሎ ሽፋኑ ባዶውን የተገጠመባቸው ጥቂት አይደሉም። ከውጭ አዲስ ይመስላሉ፣ ከኋላው ግን የሚጠብቀው ብረት ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

በዕለት አጠቃቀም ምን ተለወጠ? ቀድሞ ቱቦው የሸፈነው የፊት ማዕዘን አሁን ይታየኛል፤ ከመኪናዋ ፊት የምትቆም ሕፃንን ቀድሜ አያለሁ። የፊት መብራቱም ጥላ አይጥልም። የነዳጅ ልዩነት ግን ልብ አላልኩም፤ ብረቱ ቀላል ባይሆንም። ሚያዝያ ላይ አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ገፋኝ፤ ሁለት ክሊፖች ተነቀሉ፣ ቀለሙ ተላጠ፣ ፎሙ ግን ተጨምቆ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ቱቦው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ጭረት እንኳ አይታይብኝም ነበር። ይህን ወጪ አውቄ ተቀብየዋለሁ።

ያማረረኝ የታችኛው ድጋፍ ነው። ዝቅ ስለሚል ፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ፣ በተለይ ከደረጃው በላይ ከፍ ተደርገው የተሠሩት ላይ፣ ይፋቃል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ አንድ ጠርዙን ሰንጥቆታል። ጋራዥ ውስጥ ቆርጦ መጣል እንደሚሻል መክረውኛል፤ አልቆረጥኩትም፣ ጠርዙን አስበየድኩት። የዚህ ንድፍ እውነተኛ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ለእግር የሚጠቅመው ዝቅታ ለመንገዳችን አይመችም።

የቱቦ ደጋፊዎች ከብት ያነሣሉ። በገጠር መንገድ ሌሊት ከብት ወይም ግመል መግጨት ራሱ ገዳይ ስለሆነ ስጋታቸውን አከብራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከመገናኛ ሜክሲኮ ለሚመላለስ መኪና ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ክፍለ ሀገር ስወጣ እኔ መሽቶ አልነዳም።

ዋናውን ሥራውን እኔ አልፈተንኩትም፤ እንዳልፈትነውም እጸልያለሁ። ፈተናው ራሱ የተሠራው ለ40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀለበት መንገድ በ80 የሚበር መኪና ለሚገጨው ሰው ፎም ብዙም አያደርግለትም። እኔም ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ አሁንም ከ30 በታች ነው የምነዳው።

ፓራውልት የምታስቀይሩ ሰዎች ሽፋኑ ከመገጠሙ በፊት እዚያው ቁሙ፤ አግዳሚው ብረት ላይ ፎሙ መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። ፓራውልቱ ቀድሞ የተገጠመ መኪና የምትገዙ ከሆነም በስልካችሁ መብራት በታችኛው የአየር ማስገቢያ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጥቁር ወይም ነጭ ፎም ካልታያችሁና የሚታየው ባዶ ብረት ብቻ ከሆነ ከዋጋው ላይ አስቀንሱና በዚያው ገንዘብ ፎሙን ግዙ።