ደሴ ሸዋ በር ያለው የሃጂ ማዳበሪያ ሱቅ፣ እና የጎዴው የነዳጅ ማጣሪያ ለምን እኛንም እንደሚመለከተን

ደሴ ሸዋ በር እህል ከሚራገፍበት ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ የማዳበሪያ (የአፈሩን ሳይሆን የእህል ከረጢቱን ነው የምለው)፣ የጀሪካን፣ የሸራና የሮቶ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሃጂ ናቸው፣ ሰፈሩም የሃጂ ሱቅ ነው የሚለው። እህል ላይ ስለምሰራ ከረጢት ሁሌ እገዛለሁ፣ አሁን ደግሞ አዝመራ እየገባ ስለሆነ ይሄን ሱቅ ሳልጠቁማችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም።

የሃጂ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ከመሸጣቸው በፊት ያሳዩአችኋል። ባዶውን ማዳበሪያ ወደ በሩ ብርሃን ያነሱና በሁለት እጃቸው ወጠር ያደርጉታል፣ በሽመናው መሃል ብርሃን ከገባ "ይሄ ለበቆሎ እንጂ ለጤፍ አይሆንም፣ መንገድ ላይ ያፈስብሃል" ይላሉ። ከዛ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ፋቅ ያደርጉታል፣ ነጭ ዱቄት ነገር ጣታቸው ላይ ከቀረ ካልሲየም ካርቦኔት በዝቶበታል ማለት ነው፣ ፕላስቲኩን ለመቆጠብ የሚጨመር ነገር ነው። በመጨረሻ የታችኛውን ስፌት ይገለብጡታል፣ ሁለቴ ታጥፎ ነው የተሰፋው ወይስ አንዴ። ይሄን ሁሉ ለአንድ ማዳበሪያ ገዢም ያደርጉታል እኮ፣ ለነጋዴ ብቻ አይደለም።

ለምን ይሄን ያህል አካበድከው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከሃይቅ ማሽላ ስናመጣ ከሌላ ሱቅ (ስሙ ይቅር) የተገዛ ማዳበሪያ ነበር፣ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ፣ ለካ ሱቁ ደጅ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው፣ ገና አይሱዙው ላይ ሲጫን ጎኑ ተተርትሮ ማሽላው አስፋልት ላይ ፈሰሰ፣ ልጆቹ በእጃቸው እየዘገኑ ነው የሰበሰቡት። ክሩን ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ነው የደቀቀው። ማዳበሪያው የሚሸመንበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፣ ፀሐይ አይችልም፣ ሲመረት መከላከያ ካልተጨመረበት ፀሐይ ያደርቀውና ይሰባበራል። ሃጂ እቃቸውን ደጅ አያሰጡም፣ ሁሉም ጥላ ውስጥ ነው።

በጣም የምመክራችሁ ግን ፒክስ የሚባለውን ሶስት ድርቡን ከረጢት ነው። ውጪው ተራ ማዳበሪያ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም የፖሊኤቲሊን ላስቲክ ነው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ለምዕራብ አፍሪካ ገበሬ ጥራጥሬ ማስቀመጫ ብለው ያወጡት ነው። እህሉ በደንብ ይደርቅና ይሞላል፣ አየሩ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ የየላስቲኩ አንገት ለየብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ታጥፎ እንደገና ይታሰራል። ነቀዙ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል፣ መድኃኒት የሚባል ነገር አያስፈልግም። ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ ነው፣ ላስቲኩ ካልተቀደደ ግን ደግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ለማሽላ፣ ለበቆሎ፣ ለሽምብራ፣ ለባቄላ ግዙት፣ ለጤፍ ግን ምን ያደርግላችኋል፣ ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፣ ሃጂም ለጤፍ ነው ካላችኋቸው ተራውን ነው የሚሰጧችሁ። የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ ለመክተት የሚጠይቃቸውን ሰው ደግሞ ቁጭ አድርገው ነው የሚመክሩት፣ ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ይሄን እኔም ጨምሬ ነው የምለምናችሁ።

ዋጋን በተመለከተ ቅናሽ እንዳትጠብቁ። ሃጂን ለምን እንዲህ ወጣ ብትሏቸው "ልጄ፣ ፍሬው በዶላር ነው የሚመጣው" ነው መልሳቸው። እውነታቸውን ነው። ማዳበሪያ ሸማኔ ፋብሪካ አገር ውስጥ አለ፣ እየቀለጠ ክር የሚሆነው የፕላስቲክ ፍሬ ግን ከውጭ ነው የሚገባው፣ ብሩ ደግሞ ሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ፍሬው የሚገኘው ከነዳጅ ነው። ድፍድፉ ማጣሪያ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ከባዱ ወደ ታች ይለያል፣ ከባዱን በካታሊስት (ለውጡን በሚያፋጥን ነገር) ሲሰባብሩት ቤንዚን ይወጣል፣ ከጎኑም ፕሮፒሊን የሚባል ጋዝ፣ ያ ጋዝ እርስ በርሱ እንደ ሰንሰለት ሲገጣጠም ነው ፖሊፕሮፒሊን የሚሆነው። ማጣሪያ ያለው አገር ነዳጅም ፕላስቲክም ከአንድ ግቢ ማውጣት ይችላል።

ናይጄሪያን እዩ። ስንት ዓመት ድፍድፏን እየሸጠች ቤንዚን ከውጭ ስትገዛ የኖረች አገር ናት። ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ ቱጃሩ ዳንጎቴ የሰራው ማጣሪያ በቀን 650,000 በርሜል የማጣራት አቅም አለው፣ ግንቦት 2015 ተመረቀ፣ ጥር 2016 ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ማውጣት ጀመረ፣ እዛው ግቢ ደግሞ በዓመት 830,000 ቶን ፖሊፕሮፒሊን የማምረት አቅም ያለው ፋብሪካ ገጥሞለታል። ወጪው መጀመሪያ 9 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ 20 ቢሊዮን አካባቢ ነው የደረሰው፣ ቀላል ስራ ነው ማንም አላለም።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ማጣሪያ ምን እንደሆነ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ሶቪየቶች የሰሩት የአሰብ ማጣሪያ እኤአ ከ1967 ጀምሮ ሲሰራ ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው ቦቴ በደጃችን ነበር የሚያልፈው፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቋቸው። እኤአ 1997 ላይ ተዘጋ። ነዳጅ እንጂ ፕላስቲክ አያወጣም ነበር፣ ቢሆንም ማጣሪያ ነበር።

አሁን ተስፋ የማደርገው ሶማሌ ክልል ያለችውን ጎዴን ነው። ነሐሴ 2017 ዳንጎቴና የመንግስቱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የተፈራረሙት የዩሪያ (የአፈር ማዳበሪያ) ፋብሪካ ሲያልቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ነው የሚያመርተው፣ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ጋዙ ካሉብና ሂላላ ከሚባሉት የጋዝ ቦታዎች። መስከረም 2018 ደግሞ እዛው ጎዴ የድፍድፍ ማጣሪያ መሰረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ተብሎ። እንግዲህ አብረን እናስላ፣ አንድ ቶን ዩሪያ በ50 ኪሎ ሲታሸግ 20 ከረጢት ነው፣ 3 ሚሊዮን ቶን ማለት በዓመት 60 ሚሊዮን ከረጢት። ዩሪያው የኛ ሆኖ ከረጢቱን በዶላር ልንገዛ ነው? ማጣሪያው ሲነደፍ ፕሮፒሊን የሚለይበትና ፍሬ የሚያመርተው ክፍል ከጅምሩ ይታሰብበት፣ በኋላ እንጨምራለን ከተባለ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናውቃለን። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ያለባት ከተማ ናት፣ ፍሬው ካለ ሸማኔው የትም ይተከላል። ይሄ ለሸዋ በር ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም፣ የከረጢቱ ዋጋ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስና፣ ጉድለትም አለው። ትልቁ ፒክስ ቶሎ ያልቃል፣ ሰኞ በገበያ ቀን ከረፈደ አታገኙትም። የ20 ሊትር ጀሪካኑ ጥሩ ነው፣ ክዳኑ ግን አንዳንዱ ያንጠባጥባል፣ እዛው ውሃ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ እዩት፣ ሃጂ አይቆጡም፣ እንዲያውም ውሃውን ራሳቸው ያቀርባሉ። ሮቶ ማድረስ ላይ ዘገምተኞች ናቸው። ዱቤ የለም። ፌስታል አይሰጡም፣ ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ። በቴሌብር ይቀበላሉ። አርብ ከጁምዓ በፊት ይዘጉና ከሰላት በኋላ ነው የሚከፍቱት፣ ከኩታበር ወይ ከሃይቅ የምትመጡ ሰዓቱን አስቡበት።