ሠሪው ታወቀ፣ ሰዓሊውስ?

ሃያ ዓመት የሱቅ ታፔላና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስሥል የኖርኩ ነኝና ሙዚየም ስገባ ዓይኔ የሚቀድመው ወደ ቀለሙ ነው። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍል የወጣሁት ሀንስ ሩከርስ እ.ኤ.አ. በ1581 በዛሬዋ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ከተማ ውስጥ የሠራውን ድርብ ቨርጂናል ለማየት ነው።

ቨርጂናል ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው፤ ክሩን በመዶሻ አይመታም፣ በላባ ስንጥር ይነካዋል እንጂ። ይህኛው “እናትና ልጅ” ከሚባለው ዓይነት ነው። ትንሹ ከትልቁ ጎን በተበጀለት ቦታ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ወጥቶ እናቱ ላይ ይታዘልና አብረው ይጫወታሉ። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ ዳግማዊና የንግሥት አና መልክ በወርቅ ቅብ ክብ ተቀርጾበታል፤ ክዳኑ ላይ ሰዎች በአትክልት ቦታ ሲዝናኑ ይታያሉ። የተገኘው ደግሞ ፔሩ፣ ኩዝኮ አካባቢ፣ በአንድ የእርሻ ርስት ጸሎት ቤት ውስጥ ነው!

መሣሪያ ሠሪዎቹ የሩከርስ ቤተሰቦች ስማቸውን አይረሱም። በድምፅ ገበታው፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን በሚያጎላው ሳንቃ፣ ቀዳዳ በሚገባው ክብ የእርሳስ ጌጥ ላይ በገና የሚደረድር መልአክ ቀርጸው የስማቸውን መነሻ ፊደላት ያኖራሉ። ገበታውን በአበባ፣ በወፍና በነፍሳት የሞሉት ሰዓሊዎች ግን ያለ ስም አለፉ፤ መሣሪያ ሠሪውም ሰዓሊውም በከተማው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር በሚባለው የአንድ የባለሙያዎች ማኅበር አባላት ሆነው ሳለ። ሀንስ ራሱ የገባው በ1579 ነው። አጥኚ የሚለያቸው በእጃቸው ነው፤ ቅጠሉን እንዴት እንዳዞሩት፣ ጥላውን የት እንደጣሉት።

ፊርማማ ይዋሻል። በ18ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዋጋ ለማናር የሩከርስ ስም የተለጠፈበት መሣሪያ ብዙ ነው። እኔንም ባለፈው ክረምት አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በፒያኖ ክዳን ላይ ያለ ሥዕል አሳይቶ የአንድ ታላቅ የፍላንደርስ ሰዓሊ ፊርማ አለበት ብሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ የፊርማው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል፤ ስንጥቁ ቀድሞታል ማለት ነው። ሰዓሊውም ፒያኖ ሳይፈጠር የሞተ ነው።

የሜትሮፖሊታን ሙዚየም መግቢያ ለአዋቂ 30 ዶላር ነው፤ የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪ የፈቀደውን ይከፍላል። ረቡዕ ዝግ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። የቨርጂናሉን ክዳን ዛፎችና ሰዎች አንድ እጅ የሣላቸው አልመሰለኝምና ለሚመጣው ዓርብ አጉሊ መነጽሬን አዘጋጅቻለሁ።