የጃፓን ሴቶች ሊግ ከጅማ ሲታይ፦ ምን ይገኝበታል፣ የት ይጎድላል?

ጅማ ላይ የሴቶች ቡድን ለያዘ አሰልጣኝና ለስፖርት መምህር ይህ ሊግ ጊዜ ቢሰጡት አያስቆጭም። ማሳያ ቤት ገብቶ በጩኸትና በክርክር መዝናናት ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ሞቅ ያለ ደጋፊ አይታይበትም፣ ከተማችን ውስጥም ከፍቶ የሚያሳየው የለም። እኛ የምንመዝነው ለሥራ በሚሰጠው ጥቅም ነው። ሙሉ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሴቶችን የማብቃት ሊግ» እንደማለት ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን ዊ ሊግ በሚለው አጭር ስሙ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በመስከረም 2021 ነው (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ከሰዓቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የሀገራችን የሰዓት አጠራር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይነበባል፦ እዚያ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት የተባለ ጨዋታ ጅማ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ እዚያ ከምሽቱ 7 የተባለው እኛ ዘንድ ቀን 7 ሰዓት ነው። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚጠቀም ሰው ግን 14:00 ሲል 8:00 ብሎ ያንብብ። አብዛኛው ጨዋታ ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ከቁርስ ቡና ጋር ይገጥማል።

ሙሉ ጨዋታ የሚሰራጨው በዋነኛነት እዚያው ጃፓን፣ በክፍያ ነው። ለእኛ የሚሆነው ሊጉ ራሱ ዩቲዩብ ላይ የሚለቃቸው አጫጭር ቅንጭቦች ናቸው። ስትፈልጉ በፈረንጅ ፊደል የሊጉን ስም (WE League) ብቻ ከጻፋችሁ የማይገናኝ ነገር ይመጣል፤ «ጃፓን» የሚለውን ጨምሩበት። ጥራቱን 360 ላይ ብታደርጉት 10 ደቂቃው ወደ 50 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ሜዳ ላይ በስልክ ማሳየት ይሻላል። አስተያየት ሰጪው በጃፓንኛ ነው፣ ድምፁን ብታጠፉት የምታጡት የለም።

ቅንጭቡ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ ጎሉን ያሳያል፣ ጎሉ የተሠራበትን ግን ይቆርጣል። ከዚህ ሊግ የሚቀሰመው ትምህርት ያለው ደግሞ ከጎሉ በፊት ነው። ስለዚህ ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ አቁሙና 15 ሰከንድ መልሱ። ተቀባይዋ ኳሷ ሳትደርሳት በፊት ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች? ሰውነቷ ወደ የት ተከፍቷል? ሦስተኛዋ ልጅ መሮጥ የጀመረችው መቼ ነው? ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ግብ ጠባቂዋ ጫና ውስጥ ሆና እንኳ ኳሷን ከመጠለዝ ይልቅ ለቅርብ ተከላካይ ስትሰጥ በብዛት ታያላችሁ። በዚህ በኩል የቶኪዮ ቬርዲ ቤሌዛን ያህል የሚታይ ቡድን የለም፤ ከ2015 እስከ 2019 በተከታታይ አምስት ጊዜ ከዊ ሊግ በፊት የነበረውን የሀገሪቱን ሊግ ያነሣው ሜኒና ከሚባለው የታዳጊዎች ቡድኑ ባወጣቸው ልጆች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህን ሊግ ለእኛ ጠቃሚ ያደረገው አጨዋወቱ ብቻ አይደለም፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሊግ ሊፈርስ መድረሱም ነው። የሴቶች ሊግ ጃፓን ውስጥ የተጀመረው በ1989 በስድስት ቡድን ነበር። የቡድኖቹ ምሰሶ ኩባንያ ነበር። በ1990ዎቹ ገንዘቡ ሲፈስ ኖርዌያዊቷን ሄጌ ሪሰን የመሰሉ የዓለም ምርጦች ሳይቀሩ መጥተው ተጫወቱ። ከዚያ ኢኮኖሚው ተንገዳገደ፣ ኩባንያዎቹም ከወጪያቸው መጀመሪያ የቆረጡት የሴቶቹን ቡድን ነበር። ኒኮ የተባለው አክሲዮን አሻሻጭ ኩባንያ ቡድን ከ1996 እስከ 1998 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነና በዚያው ተዘጋ። የወደቀው መጨረሻ የወጣው ቡድን ሳይሆን ዋንጫውን የያዘው መሆኑን ልብ ይሏል። ሌሎችም ተከተሉት፣ ብሔራዊ ቡድኑም ለ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ሳያልፍ ቀረ።

የሀገራችን የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የቆመው በምን ላይ እንደሆነ እዚህ ጋ ማሰብ ነው፦ ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ኤሌክትሪክ፣ የተቀሩት ደግሞ በከተማ አስተዳደር በጀት። ጅማም ብትሆን በወንዶቹ በኩል አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሣም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሊጉ ሲወርድም አይታለች።

የጃፓኖቹ መነሣት የጀመረው በ2004 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ቶኪዮ ላይ ከ31 ሺህ በላይ ሰው እያየ ሰሜን ኮሪያን 3 ለ 0 አሸንፈው ለአቴንስ አለፉ፤ ብሔራዊ ቡድኑም ሊጉም «ናዴሺኮ» የሚለውን የአበባ ስም ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ተጫዋቾች ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ነበሩ። ኦካያማ ዩኖጎ ቤል የሚባለውን ቡድን ለአብነት እንውሰድ፤ በ2001 የተመሠረተው ፍል ውኃ ባላት ትንሽ ከተማ ሲሆን ተጫዋቾቹ እዚያው አካባቢ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በ2011 ፍራንክፈርት ላይ በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ አሜሪካን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥተው አቻ ሲሆኑ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባችው፣ ለሆማሬ ሳዋ የ117ኛው ደቂቃ ጎል የማዕዘን ምቱን የመታችው አያ ሚያማ የዚህ ቡድን ልጅ ነበረች። በመለያ ምት 3 ለ 1 ተጠናቀቀ። ለጅማ፣ ለአጋሮ ወይም ለሰቃ የሚቀርበው ምሳሌ የቶኪዮ ክለብ ሳይሆን ይኼኛው ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት የፉኩሺማ አደጋ ሲደርስ የኃይል ማመንጫው ባለቤት ኩባንያ ይዞት የነበረው ማሪዜ የተባለ ቡድንም ሥራውን አቆመ፤ ቡድኑ በ2012 ወደ ሰንዳይ ተዛውሮ በሌላ ስም ቀጠለ። የዓለም ዋንጫ በተበላበት ዓመት ማለት ነው።

ዊ ሊግ ለዚህ ሁሉ መልስ እንዲሆን የታሰበው በፈቃድ መስፈርቱ ነው። ክለብ ለመግባት ቢያንስ 15 ተጫዋች በፕሮፌሽናል ውል መያዝ አለበት፤ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት 2.7 ሚሊዮን የን ነው። 5,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያስፈልጋል። ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ግማሹ በሦስት ዓመት ውስጥ ሴቶች እንዲሆኑ፣ በአሰልጣኞቹ መካከልም ሴት እንድትኖር ይጠይቃል። ከ18፣ ከ15 እና ከ12 ዓመት በታች ቡድኖችም ግዴታ ናቸው። በ11 ክለብ ጀምሮ በ2023 ወደ 12 አድጓል፤ የድሮው ናዴሺኮ ሊግ ደግሞ ከሥሩ በአማተርነት ቀጥሏል።

ከእነዚህ ውስጥ ስታዲየሙንና ደመወዙን ለጊዜው እንርሳው። ለጅማ የሚሠራው ከ15 ዓመት በታች ያለው መሰላል ነው። ጃፓን ውስጥ ልጆቹ አንደኛ ደረጃ እያሉ ከወንዶች ጋር ይጫወታሉ፤ ከ12 ዓመት በኋላ ወንዶቹ በጉልበት ሲበልጡ የሚሄዱበት ያጣሉ፣ ብዙዎቹም ያቆማሉ። እኛ ጋም ቀዳዳው ያው ነው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ስለዚህ አንድ ቡድን የማቋቋም አቅም ብቻ ያለው ሰው አዋቂዎቹን ትቶ ይህን ዕድሜ ቢይዝ እንመርጣለን። 11 ሳይሆን 16 ልጅ መዝግቡ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ላይ የሚቀሩ አሉና። በሳምንት ሁለት ቀን 75 ደቂቃ ይበቃል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ካላለቀ ግን ልጆቹ ሳይመሽ ቤት አይደርሱም፣ ወላጅም በሁለተኛው ሳምንት ያስቀራል። በልምዳችን ቡድን የሚፈርሰው ከታኬታ እጦት ይልቅ በዚህ ነው።

ከልምምዶቻቸው ያለ ወጪ የሚወሰደው «ቶሪካጎ» ነው፣ የወፍ ቀፎ እንደማለት። አራት ልጆች በዙሪያ፣ ሁለት ከመሐል፤ ኳስ የተነጠቀች ልጅ ወደ መሐል ትገባለች። በጥሩ ሣር ላይ 8 በ8 ሜትር፣ ሁለት ንክኪ ብቻ ይፈቀዳል። እንዳለ ገልብጦ ጅማ ላይ ማምጣት ግን አይሠራም፦ ሜዳው ጎርበጥባጣ ስለሆነ ኳስ ትነጥራለች፣ ልጆቹም ወደ መጠለዝ ይመለሳሉ። 12 በ12 አድርጉት፣ ሦስት ንክኪ ፍቀዱ፣ በየሁለት ደቂቃው ዕረፍት ስጡ። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ የኳሷን አየር ቀንሱ፤ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳልና ወደ 0.7 ብታወርዱት መንሸራተቷ ይቀንሳል። 12 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ከ410 እስከ 450 ግራም የምትመዝነውን አምስት ቁጥር አትስጡ፤ አራት ቁጥር ነው የሚሆናቸው። በከባድ ኳስ የጀመረች ልጅ በጫፍ እግር መምታት ትለምዳለች፣ ያንን ማስተው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ሌላም ትንሽ ብልሃት አላቸው። በመጀመሪያ ቡድኖቹ 11 ስለነበሩ በየሳምንቱ አንዱ ያርፍ ነበር፤ ሊጉ ያን ቀን የማኅበራዊ ሥራ ቀን አደረገው። በአምስት ወይም በሰባት ትምህርት ቤት መካከል ውድድር ስታዘጋጁ አራፊው ቡድን ኳስ አቀባይና መስመር ዳኛ ይሁን፤ የሰው እጥረታችሁ ይቃለላል። ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው የውድድር ዘመናቸውም ለእኛ ይመቻል፣ አብዛኛውን ክረምት ይዘለዋል። እነርሱን የሚያስቸግራቸው የኒጋታና የናጋኖ በረዶ ነው፤ ለዚያ ሲባል መሐል ላይ ዕረፍት ይወጣሉ።

ቅሬታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሊጉ በአማካይ 5,000 ተመልካች አስባለሁ ብሎ ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት 2,000 እንኳ አልሞላም። በግንቦት 2022 ኮቤና ኡራዋ በብሔራዊ ስታዲየም ሲጫወቱ 12,330 ሰው ገብቷል፤ እንዲህ ያለው ቀን ግን ብርቅ ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ወደ እንግሊዝ ይሄዳሉ። በ2023 ዓለም ዋንጫ አምስት አግብታ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነችው ሂናታ ሚያዛዋ ያኔ በሰንዳይ ነበረች፤ በወሩ ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰዳት። አንዲትን አማካይ ወድዳችሁ ስትከታተሉ በሚቀጥለው ዓመት አታገኟትም።

ለመዝናኛ ከ10 አምስት፣ ለአሰልጣኝ ስምንት እንሰጠዋለን። ለመጀመር ቤሌዛ ከኡራዋ የተጫወቱትን የቅርብ ጊዜ ቅንጭብ አውርዱ፤ ኡራዋ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ፣ ከቤሌዛ ይልቅ ቶሎ ወደ ፊት የሚሄድ ቡድን ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም የመስመር ተከላካዮች ብቻ ተከታተሉ፣ ኳሷን ከዚያ በኋላ።