ስማርት ቲቪ፣ ስቲክ ወይስ ቲቪ ቦክስ? ለሰሜን ሸዋ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ሱቅ ውስጥ የሚወዳደረው ኢንችና ዋጋ ነው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ስለ እርስዎ ምን መረጃ ለማን እንደሚልክ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ላለ ገዢ በተግባር አራት መንገድ አለ፦ ስማርት ቲቪውን ራሱን ከኢንተርኔት ማገናኘት፤ ቲቪውን ሳያገናኙ በዲሽ ብቻ ማየት፤ ያልተገናኘ ቲቪ ላይ የታወቀ ኩባንያ ስቲክ (ቲቪው ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔትና አፕ የሚያመጣ ትንሽ ዕቃ) መሰካት፤ ወይም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ስም የለሽ ርካሽ ቲቪ ቦክስ መሰካት። ኢንተርኔት ላለው ቤት ሦስተኛውን፣ ለሌለው ሁለተኛውን እንመርጣለን። አራተኛው በነጻ ቢመጣም አይወሰድም፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ቲቪው ራሱ ሲገናኝ

አብዛኞቹ ታዋቂ ስማርት ቲቪዎች ኤሲአር የሚባል አሠራር አላቸው። ቲቪው ስክሪኑ ላይ ካለው ምስልና ድምፅ በየቅጽበቱ ናሙና ወስዶ ወደ አጭር የቁጥር አሻራ ይለውጠዋል፤ አሻራውን ወደ ሰርቨር ይልካል፤ እዚያ ከታወቁ ፕሮግራሞች ጋር ይመሳከራል። በዚህ መንገድ ማን ምን ስንት ሰዓት እንዳየ ይመዘገባል፣ ማስታወቂያም ይሸጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝና በአሜሪካ በተደረገ የምርምር ልኬት የኤልጂ ቲቪ በየ15 ሰከንዱ፣ የሳምሰንግ ደግሞ በየደቂቃው አሻራ ሲልኩ ታይተዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኤሲአር በኤችዲኤምአይ መሰኪያ ከሌላ ዕቃ የገባውንም ያያል። የዲሽ ሪሲቨር ወይም ላፕቶፕ ስለሰኩ ከቲቪው ዓይን አላመለጡም። ደግነቱ፣ በዚያው ምርመራ ምርጫው ከሴቲንግ ሲጠፋ መላኩ ቆሟል፤ ስለዚህ ማጥፋቱ ከንቱ ድካም አይደለም።

ነገሩ ከወሬ ያለፈ መሆኑን የአሜሪካው ቲቪ አምራች የቪዚዮ ጉዳይ ያሳያል። ኩባንያው ከ11 ሚሊዮን ቲቪዎች የተመልካቾችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ለአሜሪካ ባለሥልጣናት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

የማጥፊያው ቦታ እንደ ብራንዱ ይለያያል፤ የሞዴሉ ዓመት ሲለወጥም ስሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ሳምሰንግ፦ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀነራል ኤንድ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ተርምስ ኤንድ ፕራይቬሲ። «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። «ኢንተረስት ቤዝድ አድቨርታይዚንግ» እና የድምፅ ማወቂያውንም እዚያው ያጥፉ።

ኤልጂ፦ ጀነራል፣ ሲስተም፣ አዲሽናል ሴቲንግስ፤ እዚያ «ላይቭ ፕላስ»ን ያጥፉ። ከዚያ ሰፖርት ውስጥ ባለው የስምምነት ዝርዝር «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን»ንም ያንሱ። ስማቸው አይመሳሰልምና ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ሶኒ፦ «ሳምባ ኢንተራክቲቭ ቲቪ» የሚል ካለ ዲስኤብል ያድርጉ።

ጉዳቱ በአብዛኛው የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቲቪውን የሚሰቅልልዎ ባለሙያ ለመጨረስ ሲቸኩል «ሁሉንም እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል። ሪሞቱን ይቀበሉትና ራስዎ ይሙሉ። አጠቃላይ የአገልግሎት ውሉን ካልተቀበሉ ስማርቱ አይሠራም፤ የማየት ታሪክና የማስታወቂያ ፈቃዶቹ ግን ግዴታ አይደሉም።

ሌላው ድክመት ዕድሜ ነው። ስክሪኑ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ሶፍትዌሩ ማሻሻያ የሚያገኘው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ዩቲዩብ አንድ ቀን አልከፍት ሲል ደህናው ስክሪን «አሮጌ» ይባላል።

በዲሽ ብቻ

ዋይፋይ ያልተሰጠው ቲቪ የሚልክበት መንገድ የለውም። ለኢትዮሳት ተመልካች ይህ በቂ ነው። ካርቶኑ ላይ «ዲቪቢ-ኤስ2» የሚል ካለ ቲቪው የራሱ የሳተላይት መቀበያ አለው ማለት ነው፤ የዲሹን ገመድ በቀጥታ ከቲቪው ጀርባ መሰካት ይቻላል፤ ለነጻ ቻናሎች ሪሲቨር አያስፈልግም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቲቪ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሳተላይት መቀበያ አይኖረውም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው መብራቱ ነው፤ ጀርባው ላይ «100-240» ቮልት የሚል ካለ ይሰኩት፣ «120» ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል።

አንድ ስህተት ሁሌ ይደጋገማል። ሰው ለማሻሻያ ብሎ የስልኩን ሆትስፖት አንድ ቀን ያገናኛል፣ ቲቪውም የይለፍ ቃሉን ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ ሆትስፖት በተከፈተ ቁጥር ፓኬጁን ይካፈላል። ሲጨርሱ ኔትወርኩን «ፎርጌት» ያድርጉ። ከዚህ የሚሻለው ግን ማሻሻያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ በኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ መጫን ነው።

የታወቀ ኩባንያ ስቲክ

ስቲክም መረጃ ይሰበስባል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልዩነቱ የሚያውቀው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ብቻ መሆኑ ነው። በዲሽ ያዩትን ዜናም ሆነ ከላፕቶፕ ያዩትን ቪዲዮ አያይም። ሲያረጅም የሚጣለው ስቲኩ ነው፣ ቲቪው ይቀራል። ቅድመ ሁኔታው ቲቪው ራሱ ከዋይፋይ ውጭ መቆየቱ ነው።

የአማዞን ፋየር ስቲክ ላይ ሴቲንግስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ፕራይቬሲ ሴቲንግስ ገብተው የዕቃ አጠቃቀም፣ የአፕ አጠቃቀምና የማስታወቂያ የሚሉትን ሦስቱን ያጥፉ። ጉግል ቲቪ ባላቸው፣ ለምሳሌ የሺያኦሚ ስቲኮች ላይ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ «ዩሴጅ ኤንድ ዳያግኖስቲክስ»ን አጥፍተው የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ይሰርዙ። ለቲቪው ለብቻው አዲስ የጉግል አካውንት ይክፈቱ፤ የስልክዎን ኢሜይልና ፎቶ የያዘውን አያስገቡ። ሮኩ የተባለው ስቲክ በብዙ አገር የአፕ ምርጫው ጠባብ ስለሆነ እዚህ አንመክረውም። አፕል ቲቪ በምስጢር አጠባበቅ ከሁሉም ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከስቲኮቹ በጣም ይበልጣል።

ስቲኩ በየደቂቃው እየጠፋ ከተነሳ ብልሽት ነው ብለው አይቸኩሉ። አብዛኞቹ 5 ቮልት 1 አምፔር ይፈልጋሉ፤ የብዙ ቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሹን ነው። አብሮት በመጣው አዳፕተር ግድግዳ ላይ ይሰኩት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ግድግዳ ላይ በተጠጋ ቲቪ ጀርባ የታፈነ ስቲክ ይግላል፣ ከዚያም ይንቀራፈፋል፤ በአጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ወደ ጎን ያውጡት።

ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው፦ ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በፎርኬ እስከ 7 ይወስዳል። ጥራቱን አፑ ውስጥ ገብተው ዝቅ ያድርጉ።

ስም የለሽ ቲቪ ቦክስ

ዋጋው ያማልላል፣ «ሁሉም ቻናል በነጻ» ይባላል። ችግሩ ቫይረሱ ከፋብሪካው ወይም ከመንገድ ተጭኖ መምጣቱ ነው። ቲ95 በሚባለው ቦክስ ላይ ይህ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ወጣ። በመስከረም 2024 «ቮይድ» የተባለ ቫይረስ በ197 አገሮች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ቦክሶች ውስጥ ተገኘ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው ተመሳሳይ ችግር ሕዝብን አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለው ቦክስ የቤትዎን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል፤ ሌላው የሠራው ማጭበርበር በእርስዎ መስመር የተሠራ መስሎ ይታያል። ፓኬጁም ሌሊት ሌሊት ያልቃል። ሪሴት አያድነውም፤ ቫይረሱ ያለው ሪሴቱ በሚመልሰው መሠረታዊ ሶፍትዌር ውስጥ ነው።

መለያው ከባድ አይደለም። ፕሌይ ስቶር ካለው፣ በፕሌይ ስቶሩ ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» ገብተው «ፕሌይ ፕሮቴክት ሰርቲፊኬሽን» ምን እንደሚል ያንብቡ። ሰርቲፋይድ ካላለ ይመልሱት። ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ የሚል፣ ወይም አፕ ከማይታወቅ ገበያ የሚያስጭን ቦክስም እንደዚያው ነው።

ደረሰኙና 15 ቀኑ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ነው፣ ካርቶኑ ከተከፈተበት አይደለም። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ብሎ ገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው መብቱን በካርቶን አሽጎ ያሳልፋል። ሱቁ ውስጥ አስከፍተው፣ አስበርተው፣ በነጭና በጥቁር ምስል ስክሪኑን አይተው ይቀበሉ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም በጉድለት የመጣን መብት አያጠፋም። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኙን ይዘው ወደ ከተማው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

«መረጃ ይሰበስባል» ብሎ መመለስ ግን ያስቸግራል፤ በንግዱ ዓይን ያ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ማጥፊያውን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ይፈልጉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በፈቃድ ላይ ያተኮረ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መርካቶ ሲረክስ የሚያጓጓ ቢሆንም ቢበላሽ ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ተሸክመው እንደሚመልሱት ያስቡ። ቴሌግራም ላይ አድራሻ ከሌለው ሻጭ የተገዛ ደግሞ የሚመለስበት በር የለውም።

ያገለገለ ቲቪ ሲሸጡ ወይም ሲገዙ ፋብሪካ ሪሴት ያድርጉ፤ አለበለዚያ የቀድሞው ባለቤት አካውንትና የማየት ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ሳምሰንግ ፒን ቢጠይቅ ካልተለወጠ 0000 ነው።