ለወራት የሠራ የሜምብሬን ማጣሪያ፦ በጎንደር የወተት ማቀነባበሪያ ፍሳሽ ላይ

ዕቃው ዝቃጭ (ባክቴሪያ የበዛበት ወፍራም ፍሳሽ) ያለበት ታንከር ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ሜምብሬን፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ነው። ፒቪዲኤፍ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን ክሮች፣ ቀዳዳቸው 0.04 ማይክሮን ገደማ፣ ጠቅላላ ስፋታቸው 120 ካሬ ሜትር። ባክቴሪያው የወተቱን ቅሪት ይበላል፣ ፓምፑ ውሃውን በክሮቹ ውስጥ ይስባል፣ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። የሚወጣው ውሃ ዛሬም እንደተተከለ ሰሞን ጥርት ያለ ነው፤ ድፍርስነቱ ከ0.5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) አያልፍም። በሜምብሬኑ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታው አብሮት በመጣው ብሎወር፣ ማለትም ወደ ታንከሩ አየር በሚነፋው ማሽን፣ እና በብሮሹሩ ቁጥር ላይ ነው።

ብሮሹሩ በካሬ ሜትር በሰዓት 20 ሊትር ይላል። ስብ ላለው የወተት ፍሳሽ ግን 12 ላይ መቆም ይሻላል። 9 ደቂቃ ስቦ 1 ደቂቃ እያረፈ በቀን 30 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ ሲገፋ የመሳብ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ከ100 ሚሊባር ተነስቶ በጥቂት ቀናት 300 ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ማጠብ ግድ ነው። ስለዚህ ስፋቱን በብሮሹሩ ሳይሆን በ12 አስልታችሁ ግዙ።

ብሎወሩ የተመረጠው ለባሕር ጠለል ነበር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በዚያው መጠን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ያንሳል። በ20 ዲግሪ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል በሊትር 9.1 ሚሊግራም ሲሆን እዚህ 7.1 አካባቢ ነው። ስሌቱ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ባክቴሪያው ይታፈናል፣ ዝቃጩ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚበልጥ ብሎወር ጠይቁ። የመሳቢያ ፓምፑም ከፍታው ይጎዳዋል፤ ከታንከሩ ውሃ በታች ካልተቀመጠ፣ ቧንቧውም መሀል ላይ ጉብ ካለ፣ አየር ይይዝና መሳብ ያቆማል።

ሜምብሬኑን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በፊት ያለው ነገር ነው። የ1 ሚሊሜትር ወንፊት የግድ ነው፤ ፀጉርና የከረጢት ክር ካለፈ በክሮቹ ላይ ይጠመጠማል፣ በውሃ ግፊትም አይለቅም። አጓት በምርት ወቅት ከዚህ መስመር ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ሲኦዲው (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን፣ የብክለቱ ልክ) በሊትር ከ50,000 ሚሊግራም ሊበልጥ ይችላል፣ ለብቻው ይሰብሰብና ለከብት መኖ ይሂድ። የወተት ዕቃው የሚታጠብበት የኮስቲክ ሶዳና የናይትሪክ አሲድ እጣቢም በአንዴ ከገባ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ቢያንስ የ12 ሰዓት ፍሳሽ የሚይዝ ማደባለቂያ ታንከር ያስፈልጋል።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላው ነገር ጾም ነው። በሁዳዴ ወተት ይቀንሳል፣ ፍሳሹ ይሳሳል፣ የተራበው ባክቴሪያ እየተበጣጠሰ ክሩን ይደፍናል። ያኔ አየሩን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አይገባም፤ ከዚያው ከተለየው አጓት በየቀኑ ጥቂት ሊትር ማንጠባጠብ ያቆየዋል። ለፋሲካ ምርቱ ሲጨምር ደግሞ ጭነቱ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይውጣ። የዝቃጩ ክምችት በሊትር ከ8 እስከ 12 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ጤንነቱን ለማወቅ 50 ሚሊሊትር ዝቃጭ በታጠፈ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አፍስሱ፤ በ5 ደቂቃ ከ10 ሚሊሊትር በላይ ከወረደ ደህና ነው፣ ከ5 በታች ከሆነ ሜምብሬኑ በቅርቡ ይደፈናል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መጀመሪያ ብሎወሩን ያንሳ። ፓምፑ ያለ አየር ከሳበ ዝቃጩ በክሮቹ መካከል እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ አየር ከሌለ ፓምፑ እንዳይነሳ በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስተሳስሩት። መብራቱ ሲመለስ ፌዝ ተገልብጦ ከመጣ ብሎወሩ በተቃራኒ እየዞረ ዝቃጩን ወደ ራሱ ይስባል። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብሎወሩን ግን ያድናል።

ለትልቁ እጥበት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በቂ ነው። 20 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በ1,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ክሎሪን ይሰጣል። ሽታና ሳሙና የተጨመረበትን በረኪና አትጠቀሙ፤ ፀሐይ ላይ የቆየውም ኃይሉን ስለሚያጣ በክሎሪን መለኪያ ወረቀት አረጋግጡ። ካሴቱ (ክሮቹ የታሰሩበት ፍሬም) ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል፣ ጠዋት በደንብ ይለቀለቃል፣ ከዚያ 10 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በሌላ 1,000 ሊትር ውሃ፤ የወተቱ ካልሲየም የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የሚያነሳው እሱ ነው። ሁለቱ በፍጹም አይገናኙ፤ በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የማጠቢያውን ፒኤች (የአሲድነት ወይም የአልካላይነት ልክ) በኮስቲክ ከ11 በላይ ማውጣትም ፒቪዲኤፍን ያሰባብራል። ካሴቱ ከዝቃጭ ሲወጣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ክሩ ከደረቀ ቀዳዳው ይዘጋል።

የሚወጣው ውሃ ለወለልና ለመኪና እጥበት ይሆናል። ለቦይለር አይሆንም፤ ይህ ሜምብሬን ጨው አያስቀርም። የኮስቲኩ ሶዲየም ሙሉ በሙሉ ያልፋል፣ ስለዚህ በአዘዞ በኩል እንዳለው ዓይነት ዋልካ መሬት ላይ ለመስኖ ማፍሰስ አፈሩን እያጠነከረ ውሃ እንዳያሰርግ ያደርገዋል። ለመስኖ ያሰበ ሰው ኮስቲኩን በከፊል በኮስቲክ ፖታሽ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ቢተካ ወይም እጣቢውን ለብቻ ቢይዝ ይሻለዋል።